ጣና ደርቆ ያውቃል፤ የዋልታ በረዶና የጎንደር ክረምት

ጣና ደርቆ ያውቃል። ይህ አፈ ታሪክ አይደለም። ተመራማሪዎች የሐይቁን ወለል በድምፅ ሞገድ ፈትሸው፣ ቱቦ ሰድደውም የዘመናት ደለሉን አውጥተው ሲመረምሩ፣ ከለስላሳው ጭቃ ሥር ውኃ የተለየው ጠጣር አፈር አገኙ። ከእሱ በላይ የረግረግ ተክል ቅሪት ነበር። ዕድሜው ሲለካ ሐይቁ ደርቆ የነበረው ከዛሬ 18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደሆነ ታወቀ። ጥናቱ በ2007 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣና እንደገና ሞልቶ ለዓባይ መገበር የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስለ ጣና ስናወራ እንቦጩን እናነሣለን፣ ደለሉን እናነሣለን፤ ይህን ግን እምብዛም አናነሣም።

ስለ ዋልታ በረዶ መቅለጥ ሲወራ ጎንደር ላይ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ «እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ተቀምጠን ባሕር ምን ያደርገናል?» እውነት ነው፣ ባሕሩ አይደርስብንም። በምድር ላይ ያለው በረዶ አንድም ሳይቀር ቢቀልጥ የባሕር ጠለል የሚነሣው 65 ሜትር ገደማ ነው፤ ፋሲል ግቢ በር ላይ ለመድረስ ገና 2 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ሆኖም የጣና ጭቃ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። የሩቅ በረዶ ጎንደርን የሚያገኛት በዝናቧ በኩል ነው፤ አንድ ጊዜም አግኝቷታል።

ነገሩን ለመረዳት ወደዚያ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። ዓለም ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን መውጣት የጀመረችበት ጊዜ ነው። የካናዳን አብዛኛውን ክፍል ኪሎ ሜትሮች የሚወፍር ግግር በረዶ ሸፍኖት ነበር። ያን ሁሉ ውኃ በረዶው ይዞት ስለነበር በዘመኑ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ባሕሩ ከዛሬው ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። በረዶውም የባዕድ አገር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው በራስ ደጀንና በቧሒት ከፍታዎች የሚያያቸው አንዳንድ የድንጋይ ክምሮች ጥንት እዚያ የነበረ ግግር በረዶ እየገፋ ያመጣቸው ናቸው። ዛሬ እዚያ የቀረው የሌሊት አመዳይና አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶ ነው።

በ1988 ሃርትሙት ሃይንሪኽ የተባለ ጀርመናዊ የጂኦሎጂ ተመራማሪ ከሰሜን አትላንቲክ ወለል በወጣ ደለል ላይ ያየውን አሳተመ። ከየብስ እጅግ በራቀው በዚያ ጥልቅ ባሕር ውስጥ የየብስ ድንጋይ ስባሪ በንብርብር ተቀምጧል። ያመጡት የበረዶ ተራሮች ናቸው። ከካናዳው ግግር ተገንጥለው እየተንሳፈፉ ወጡ፤ ሲቀልጡ ሸክማቸውን ባሕሩ ውስጥ አራገፉ። ከእነዚህ የበረዶ ጎርፎች የመጨረሻው ታላቅ የሚባለው ከ17 ሺህ እስከ 16 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ደረሰ። ጣና ያኔ ደረቅ ወይም ረግረግ ነበር። ቪክቶሪያ ሐይቅም እንደዚሁ። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የአፍሪካና የእስያ የዝናብ ቀጠና በአንድ ላይ የተመታበት ከባድ ድርቅ መሆኑን አሳይቷል።

የካናዳ በረዶና የጣና ውኃ የሚገናኙት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። አትላንቲክ ሞቃት ውኃን በላዩ ወደ ሰሜን ይወስዳል፤ ውኃው እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ጨዋማ ስለሆነም ይከብዳል፣ ሰጥሞም በጥልቁ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ይህ ዑደት ሰሜኑን የምድር ክፍል ያሞቃል። ከበረዶ የቀለጠ ጨው አልባ ውኃ ሲጎርፍበት ግን የላይኛው ውኃ ይቀልላል፣ አይሰጥምም፤ ዑደቱ ይዳከማል። ሰሜኑ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ሰሜን ይሄድ የነበረው ሙቀትም ደቡብ ይቀራል። በምድር ወገብ ዙሪያ የተጠመጠመው የዝናብ መቀነት ደግሞ ሁልጊዜ የሚያዘነብለው ሞቃት ወደሆነው ወገን ነው። የእኛ ክረምት ይህ መቀነት በሰኔ ወደ ሰሜን ወጥቶ እስከ መስከረም ድረስ በላያችን ሲቆይ የምናገኘው ዝናብ ነው። መቀነቱ ወደ ደቡብ ሲሸሽ ሐምሌና ነሐሴ ይራቆታሉ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር እንዳለ መናገር ተገቢ ነው። ቅዝቃዜው የጀመረው የበረዶ ተራሮቹ ከመጉረፋቸው በፊት እንደሆነ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ስለዚህ የበረዶው ጎርፍ ዑደቱን አደከመ ወይስ ቀድሞ የደከመው ዑደት በረዶውን አፈረሰ የሚለው አልተቋጨም። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ ዑደቱ ሲደክም ከባሕሩ ገጽ በታች ሞቃት ውኃ ተጠራቀመ፤ ከካናዳው ግግር ፊት ለፊት ባሕር ላይ የተዘረጋውን ተንሳፋፊ በረዶ ከሥሩ በላው፤ እሱ ሲሰባበር ከኋላ ያለው ግግር ተለቀቀ። ይህን ማብራሪያ የወደድኩት ዛሬ በአንታርክቲካ ዓይናችን እያየ ያለው ይኸው ስለሆነ ነው።

የአንታርክቲካ በረዶ ሁለት ነው። አንዱ በየብስ ላይ የተጋገረው ነው፤ ሁሉም ቢቀልጥ ባሕሩን 58 ሜትር ያህል የሚያነሣው እሱ ነው። ሌላው ከዚሁ ግግር ተስቦ ወጥቶ ባሕር ላይ የተንሳፈፈው ነው። ተንሳፋፊው ቀድሞውኑ ባሕሩ ላይ ስላረፈ ቢቀልጥም የባሕሩን ከፍታ እምብዛም አይለውጠውም። ጥቅሙ ሌላ ነው። በደጋው ተዳፋት ማሳ ላይ የእርከን ካብ አፈሩን ደግፎ እንደሚይዘው ሁሉ፣ ተንሳፋፊው በረዶም ከባሕረ ሰላጤ ግድግዳዎችና ከባሕር ወለል ጉብታዎች ጋር ተጣብቆ ከኋላው ያለውን ግግር ይገታል። ካቡ ሲናድ የሚሆነውን ገበሬ ያውቀዋል።

ይህ በተግባር የታየው በ2002 መጀመሪያ ላይ ነው። በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ምሥራቃዊ ዳርቻ የነበረው ላርሰን ቢ የተባለ ተንሳፋፊ ግግር በአንድ ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰባብሮ አለቀ። የጠፋው 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የጣናን ስፋት የሚያህል በረዶ ማለት ነው፤ ውፍረቱም 200 ሜትር ያልፍ ነበር። ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ሳይናወጥ የኖረ ነበር። በበጋው ሙቀት ገጹ ላይ የተጠራቀመው የቅላጭ ውኃ በስንጥቆቹ ገብቶ በክብደቱ እስከ ሥር ሰነጠቃቸው። ከዚያ በኋላ ከጀርባው የነበሩት የግግር ወንዞች ፍጥነት ከሁለት እስከ ስምንት እጥፍ ጨመረ። ተንሳፋፊ ግግሮች ድጋፍ እንደሚሰጡ በስሌት ብቻ ይነገር የነበረው ያኔ በሳተላይት ታየ። በምሥራቅ አንታርክቲካም፣ ከሁሉ ይልቅ አስተማማኝ በሚባለው ወገን፣ ኮንገር የተባለው ተንሳፋፊ ግግር በመጋቢት 2022 ፈረሰ።

ሳይንቲስቶች እንቅልፍ የሚያጡበት ግን በምዕራብ አንታርክቲካ ያለው ትዌይትስ የተባለ ግግር ነው። ግንባሩ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ብቻውን ቢያልቅ ባሕሩን 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሣዋል፤ ጎረቤቶቹን ይዞ ከሄደ ደግሞ ከ3 ሜትር በላይ። አስጊ ያደረገው መቀመጫው ነው። ያረፈበት መሬት ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥርም ይበልጥ ይጠልቃል። በረዶው ወለሉን ለቆ መንሳፈፍ የሚጀምርበት መስመር ወደኋላ ባፈገፈገ ቁጥር ወፍራም በረዶ ለባሕሩ ይጋለጣል፤ ወፍራም ሲሆን የሚፈስሰው ይበዛል፤ የሚፈስሰው ሲበዛ መስመሩ እንደገና ያፈገፍጋል። አንዴ ከተጀመረ ለመቀጠል ተጨማሪ ሙቀት አይጠይቅም። መመለሻ የሌለው ደፍ የሚባለው ይህ ነው፤ ከደፉ ወዲያ የዓለም ሙቀት ባለበት ቢቆም እንኳ በረዶው ማፈግፈጉን አያቆምም። ጆን መርሰር የተባለ ተመራማሪ ይህን አደጋ በ1978 ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ያኔ የሰሙት ጥቂቶች ነበሩ።

ሙቀቱ የሚመጣው ከአየር አይደለም። ትዌይትስ በሚገባበት በአሙንድሰን ባሕር ከጥልቁ የሚወጣ፣ ለእኛ በረዶ የሚመስል፣ ለግግሩ ግን ትኩስ የሆነ ውኃ አለ፤ ከቅዝቃዜ ነጥቡ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ። በ2020 ተመራማሪዎች 600 ሜትር ያህል በረዶ በሙቅ ውኃ በስተው ቀጭን ሮቦት አወረዱና ትዌይትስን ከሥሩ አዩት። ውጤቱ ሁለት ፊት አለው። ጠፍጣፋው ሥር ከተፈራው ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው፤ በስንጥቆቹና በደረጃ መሰል ቦታዎቹ ግን ቅልጠቱ ፈጣን ነው። መስመሩ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ 14 ኪሎ ሜትር አፈግፍጓል። ባሕሩ ፊት ቀጥ ብለው የሚቆሙት የበረዶ ገደሎች በራሳቸው ክብደት እየተናዱ በአጭር ጊዜ ጥፋት ያመጣሉ የሚለው መላ ምት በ2016 ብዙ አነጋግሮ ነበር፤ በ2024 የወጣ ጥናት ግን ለትዌይትስ በዚህ ክፍለ ዘመን የሚሆን አይመስልም ብሏል። የገደሉን ታሪክ የጋዜጣ ርዕስ ስለሚያሞቅ ብዙዎች ያራግቡታል፤ እኔ ከሥር የሚበላው ውኃ ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2023 የታተመ ስሌት እንዳሳየው የዓለም ሙቀት ጭማሪ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ላይ ቢገታ እንኳ በዚህ ክፍለ ዘመን የአሙንድሰን ባሕር ካለፈው ክፍለ ዘመን በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይሞቃል።

ደፉ የት ነው? በ2022 የወጣ ሰፊ ግምገማ ለግሪንላንድም ለምዕራብ አንታርክቲካም 1.5 ዲግሪ ገደማ ላይ አስቀምጦታል፤ የስሕተት ወሰኑ ግን ሰፊ ነው፣ ከ1 ዲግሪ እስከ 3 ይደርሳል። 2024 ብቻውን 1.55 ዲግሪ ገደማ ደርሶ አልፏል። አንድ ዓመት ግን መለኪያ አይሆንም፤ የሚቆጠረው የረጅም ዓመታት አማካይ ነው።

ከስሌቱ ይልቅ የሚያሳምነኝ ያለፈው ነው። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ምድር ከዛሬው ብዙም ባልራቀ ሙቀት ላይ ሳለች ባሕሩ ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ያን ያህል ውኃ ያለ አንታርክቲካ አይገኝም። በ2023 መጨረሻ የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ምስክር ያደረገው ኦክቶፐስን ነው። በምዕራብ አንታርክቲካ ግግር ግራና ቀኝ በሚገኙ ባሕሮች የሚኖሩ የአንድ ዝርያ ኦክቶፐሶች ዘረ መል ሲመረመር በዚያ ዘመን ተገናኝተው ይዋለዱ እንደነበር ታየ። መሐሉ ላይ ያለው ግግር ካልፈረሰ በቀር መገናኛ መንገድ አልነበራቸውም። ለዚያ ዘመን የእኛም ምስክር አለ። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በደናክል ረባዳ ጠርዝ ላይ፣ የዛሬዋ ቀይ ባሕር ከማትደርስበት በረሃ፣ የጥንት ኮራል ቆሞ ይታያል። ቀይ ባሕር ወደዚያ ዘልቆ ገብቶ ነበር። የአፋርን ጨው የምንበላ ሁሉ የዚያን ባሕር ታሪክ ገበታችን ላይ ይዘነዋል ማለት ይቻላል።

የፍጥነቱ ነገር ብዙ ጊዜ ይምታታል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የመንግሥታት ጉባኤ፣ አይፒሲሲ፣ በ2021 ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው ባሕሩ ከ1901 እስከ 2018 በ20 ሴንቲ ሜትር ተነሥቷል። በ2100 ደግሞ ልቀቱ እጅግ ከቀነሰ ከ28 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር፣ እጅግ ከበዛ ከ63 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይነሣል፤ በበረዶው ባሕርይ ምክንያት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ከፍታም ሊሆን አይችልም ተብሎ አልተጣለም። በ2,000 ዓመት ውስጥ ሙቀቱ በ1.5 ዲግሪ ከተወሰነ ከ2 እስከ 3 ሜትር፣ በ2 ዲግሪ ከሆነ ከ2 እስከ 6 ሜትር ይጠበቃል። ስለዚህ ደፉ በእኛ ዘመን ሊታለፍ ይችላል፤ ዕዳው ግን ለብዙ ትውልድ ይከፈላል። በዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ግዙፍ ግግር በስበቱ ባሕሩን ወደራሱ ይስባል፤ ሲቀልጥ ስበቱ ስለሚቀንስ አጠገቡ ያለው ባሕር ዝቅ ይላል፣ ሩቁ ከፍ ይላል። የኤደን ባሕረ ሰላጤና ቀይ ባሕር ከግሪንላንድም ከአንታርክቲካም ሩቅ ናቸው፤ ከሁለቱም ወገን ከአማካዩ የበለጠ ይደርሳቸዋል።

ባሕር የለንም እንላለን እንጂ ኑሯችን ባሕር ላይ ነው። የአገሪቱ የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ያልፋል። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ የሚወጣው፣ ለደምቢያ ገበሬ የሚታደለው ማዳበሪያ የሚገባው፣ ነዳጁም የሚራገፈው ከባሕሩ ጥቂት ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠች ከተማ ነው። ለመተማ የሚቀርበው ፖርት ሱዳንም ከ2023 ጦርነት ወዲህ የሚታመን አማራጭ አይደለም። ያም ሆኖ ወደቡ ብዙ አያስጨንቀኝም። የወደብ መድረክ በኮንክሪት ከፍ ይደረጋል፤ ወጪው በኮንቴይነር ኪራይ ላይ ተጨምሮ ጎንደር ገበያ ድረስ ይመጣል፣ ቢመርም ይከፈላል። ዝናብን ከፍ የሚያደርግ ኮንክሪት የለም።

ስለዚህ ወደ ዝናቡ እመለሳለሁ፤ ማስፈራሪያውን ከእውነቱ መለየትም ይገባል። ጣና እንደገና ሊደርቅ ነው ማለት ውሸት ይሆናል። ያኔ የፈረሰው የካናዳ ግግር ዛሬ የለም፤ ያ ዓለምም ቀዝቃዛ ነበር። ዛሬ በሰሜን የቀረው ግሪንላንድ ነው፤ በዓመት 270 ቢሊዮን ቶን ያህል በረዶ ያጣል፤ ውኃውም የሚገባው ዑደቱ በሚሰጥምበት ባሕር አጠገብ ነው። አይፒሲሲ የአትላንቲክ ዑደት በዚህ ክፍለ ዘመን መዳከሙ አይቀርም ይላል፤ ከ2100 በፊት በድንገት አይቆምም የሚለውን ግን የሚናገረው በመካከለኛ እርግጠኝነት ብቻ ነው። ዑደቱ በቀጥታ መለካት የጀመረው በ2004 ነው። በ20 ዓመት መዝገብ የሺህ ዓመት ጠባይ አይታወቅም።

አንታርክቲካስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የደቡብ ቅላጭ ውኃ ደቡቡን ባሕር ስለሚያቀዘቅዝ የዝናብ መቀነቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ እኛ ወገን ሊገፋው እንደሚችል የኮምፒውተር ሞዴሎች ያሳያሉ። የግሪንላንድ መቅለጥ ወደ ደቡብ ይጎትተዋል፣ የአንታርክቲካው ወደ ሰሜን ይገፋዋል። ይህ ለአንዳንዱ አጽናኝ ሊመስለው ይችላል፤ ለእኔ አይመስለኝም። ሁለቱ ተመጣጥነው እንዲቀልጡ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም። የአንዱ ወገን ግግር በአሥር ዓመታት ውስጥ ቢፈጥንና የሌላው ቢዘገይ መቀነቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ገበሬን የሚጎዳው ደግሞ ከድርቅ እኩል መወዛወዙ ነው። ጤፍ መቼ እንደሚዘራ፣ ማሽላው መቼ እንደሚታረም የሚታወቀው ሰኔ ሰኔን ሲመስል ነው። የአንድ ክረምት መሳት ምን እንደሚያደርስ በ2015 አይተናል፤ መነሻው የፓስፊክ ውቅያኖስ ኤልኒኞ ነበር፤ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ኤልኒኞ ግን በዓመት በሁለት ዓመት ያልፋል።

የከባቢ አየሩን ጋዝ ያበዛነው እኛ አይደለንም፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው፣ በየጉባኤውም ይነገራል። ጎንደር ግን በራሷ እጅ ያለ አንድ ሥራ አላት። ውኃዋ የዝናብ ልጅ ነው። አንገረብ በደለል ተጨናንቆ ከተማዋ በፈረቃ ትጠጣለች፤ የመገጭ ግድብ ሥራም ለዓመታት ተጓትቷል። ግድብ ሲነደፍ መነሻ የሚሆነው ያለፉት ዓመታት የዝናብና የወንዝ ፍሰት መዝገብ ነው፤ መጪው ያለፈውን ይመስላል ከሚል ግምት ጋር። የመገጭ ውኃ ለመጠጥ ምን ያህል፣ ለመስኖ ምን ያህል ተብሎ ሲደለደል በአማካይ ዓመት ብቻ ሳይሆን ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ በሚወጣበት ተከታታይ ዓመታትም ተሰልቶ መታየት አለበት። በኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምት ትንበያ ላይ ኤልኒኞ ትልቅ ቦታ አለው፤ ለአንድ ክረምት ያ ይጠቅማል። ለ50 ዓመት ለሚሠራ ግድብ ግን የአትላንቲክ ዑደትና የሁለቱ ዋልታዎች ቅላጭ ከስሌቱ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ይህም የሚጠይቀው የመሐንዲሶቹንና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ጥቂት ወራት ሥራ እንጂ አዲስ ብድር አይደለም።